በልቼ ያልጠገብኩበት ዙር፦ የሁለት ኩዊን የጉዳይ ጥናት

ፖከር የሚጫወት ሰው የተበላበትን ዙር ማውራት ይወዳል። "ሁለት ኪንግ ይዤ የመጨረሻዋ ካርታ ጉድ ሠራችኝ" ይላል። አጠገቡ ያለው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። የበላበትን ዙር ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቺፑ (በገንዘብ ፋንታ የሚመደበው) መጣ፣ በቃ፣ ወደሚቀጥለው።

እኔ ዛሬ የማነሳው የበላሁበትን ዙር ነው። ፖቱ፣ ማለትም መሀል ላይ የተከመረው ቺፕ፣ የኔ ሆነ። ከጎኔ የነበረው ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ "አበጀህ" አለኝ። ቤቴ ገብቼ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ሳሰፍራቸው ግን የዚያ ምሽት ትልቁ ስህተቴ ያ ዙር ሆኖ አገኘሁት። በዚያው ምሽት ሁለቴ ተበልቻለሁ። ሁለቱም ዙሮች እንደገና ቢመጡ እንደዚያው ነበር የምጫወታቸው። ይህኛውን ግን አልደግመውም።

ጨዋታው ኖ ሊሚት ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ከዚያ የሁሉም የሆኑ ሦስት ካርታዎች መሀል ላይ ይገለጣሉ፤ ፍሎፕ ይባላል። አራተኛዋ ካርታ ተርን ናት፣ አምስተኛዋ ሪቨር። በየደረጃው መመደብ አለ። በእጅህ ያለው ጥንድ መሀል ላይ ከተገለጡት ካርታዎች ሁሉ የሚበልጥ ከሆነ ኦቨርፔር ይዘሃል ይባላል። መሀል ላይ ያለው ትልቁ ካርታ ጃክ ሆኖ አንተ ሁለት ኩዊን ብትይዝ ማለት ነው። የኔም ነገር ይኸው ነበር።

ሰውየው

ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ነን። ብላይንዱ፣ ማለትም ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ በግዴታ የሚመድቡት፣ 1 እና 2 ቺፕ ነው። እኔም እሱም ፊታችን ላይ 200፣ 200 ቺፕ አለን።

እሱ የምለው ካርታ መጣል የማይሆንለት ሰው ነው። ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ተቀምጠናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በላይ በሆኑት ዙሮች ገብቷል። አገባቡ ሁልጊዜ አንድ ነው። 2 ቺፕ ይወረውራል። ሰው ከፍ ካደረገበት ኮል ይላል፣ ማለትም የተመደበውን ያህል ከፍሎ ይቀጥላል። ፍሎፑ ትንሽ ነካ ካደረገለት እስከ መጨረሻው ኮል ይላል። እሱ ራሱ ከፍ ሲያደርግ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው። ያኔም ሦስት 7 ገልጦ አሳየን።

ሌላም ነገር አለው። አራት አምስት ቺፕ በጣቶቹ መሀል እያንሸራተተ ያንቀጫቅጫል። ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። መጀመሪያ ያናድዳል፣ ቆይቶ ጆሮ ይለምደዋል። ሦስት 7 በያዘበት ዙር ግን ድምፁ ቀጥ ብሎ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ይህን ያዙልኝ።

እንዲህ ያለውን ተጫዋች ኮሊንግ ስቴሽን ይሉታል። ሰዎች ሲያማርሩበት እሰማለሁ። "ብላፍ አይሠራበትም፣ አይጥልም" ይላሉ። እውነት ነው፣ ብላፍ አይሠራበትም። ግን ይህ የሚያስለቅሰው ባዶ ካርታ ይዞ የሚመድብበትን ሰው ነው እንጂ ጥሩ ካርታ የያዘን ሰው አይደለም።

ዙሩ እንዴት ሄደ

እሱ መካከለኛ ቦታ ላይ ሆኖ 2 ቺፑን ወረወረ። ሌሎቹ ጣሉ። እኔ ከባተኑ፣ ማለትም ከፍሎፕ ጀምሮ መጨረሻ ላይ ከሚወስነው ወንበር፣ አንድ ወንበር በፊት ነኝ። የካርታዎቼን ጫፍ በአውራ ጣቴ ቀና አድርጌ አየሁ። የስፔድ ኩዊን። ከሥሯ የዳይመንድ ኩዊን። 10 አደረግኩት። ከኔ በኋላ ያሉት በሙሉ ጣሉ። እሱ 8 ጨምሮ ኮል አለ። ከብላይንዶቹ 3 ቺፕ ጋር ፖቱ 23 ሆነ። ለእያንዳንዳችን 190 ቀረን።

እዚህ ድረስ ብዙ የሚነቀፍ ነገር የለም። አሁን ሳስበው 12 ወይም 14 ማድረግ ነበረብኝ። ለ10 የሚመጣ ሰው ለ14ም ይመጣል። ይሁን፣ ይህ ትንሹ ኃጢአቴ ነው።

ፍሎፑ ተገለጠ። የልብ ጃክ፣ የልብ 8፣ የክለብ 3። ጠረጴዛውን በጣቱ ነካ አድርጎ ቼክ አለ፤ ሳይመድብ አሳለፈ ማለት ነው። እኔ 8 ቺፕ መደብኩ። ኮል አለ። ፖቱ 39።

ተርን የስፔድ 2። ለማንም የማትረባ ካርታ ናት። ቼክ አለ። እጄን ቺፑ ላይ አደረግኩ፣ አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ቼክ አልኩ።

ሪቨር የክለብ ኪንግ። ሆዴ ትንሽ ገለበጠኝ። ቼክ አለ። 12 መደብኩ። እጄ ገና ከቺፑ ሳይለቅ ኮል አለ።

ሁለቱን ኩዊን ገለጥኩ። እሱ ኤስና ጃክ ገለጠ። 63 ቺፕ ወደኔ ተገፋ። የራሴ 30 ውስጡ ስላለ ትርፌ 33 ነው። ሰውየው ግን የተበላ አይመስልም። እየሳቀ "ምነው ተርን ላይ ዝም አልክ? እኔ እኮ ኮል ልልህ አሰፍስፌ ነበር" አለኝ። ቀጠለና "ኪንጓ ስትወርድ ግን ትንሽ ፈራሁ" አለ።

በዙሩ ላይ ከማንም የምሰማው ምርጥ ትንታኔ በነፃ ሰጠኝ። ቀጭ ቀጯም አንዴም አላቋረጠችም ነበር።

ለምን 8?

እውነቱን ልናገር። ስልት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ሁለት ኤስ ይዤ፣ ሦስት 5 ለያዘ ሰው ሙሉ ቺፔን አስረክቤ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሁለት 8 ሊኖረው ይችላል ብዬ ጀመርኩ። ከዚያም "ፖቱን ትንሽ አድርጌ ልያዘው" አልኩ። ለዚህ ደግሞ ፖት ኮንትሮል የሚባል ማዕረግ ያለው ስም አለው። ስም ሲወጣለት ፍርሃትም ዕውቀት ይመስላል።

እስቲ ፍርሃቴን እንቁጠረው። ይህን ሰው ይህ ፍሎፕ ላይ ኮል የሚያስብሉት ካርታዎች የትኞቹ ናቸው?

ከጃክ እንጀምር። አንዱ ጃክ መሀል ላይ ስላለ 3 ቀርተዋል። ኤሶቹ 4ም አሉ። ስለዚህ ጃክና ኤስን በ3 ሲባዛ 4፣ በ12 መንገድ ሊይዝ ይችላል። ጃክና ኪንግንም በ12። ጃክና 10ን በ12። ጃክና ኩዊንን በ6 ብቻ፣ ሁለቱ ኩዊኖች እኔ ጋ ናቸውና። ጃክና 9ን አንድ ዓይነት ምልክት ሲሆኑለት ብቻ ነው የሚገባው ብንል 3 መንገድ። ድምሩ 45። ሁለት 10 እና ሁለት 9 ቢይዝም ይህን ፍሎፕ አይጥልም፤ እያንዳንዳቸው 6 መንገድ አላቸው። 57 ደረስን።

የሚበልጡኝስ? ጥንድ ይዞ ሦስት አንድ ዓይነት የሚሆንለት ከሆነ፦ በሁለት ጃክ 3 መንገድ፣ በሁለት 8 ሌላ 3፣ በሁለት 3 ሌላ 3። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ጃክና 8 ደግሞ 3። በጠቅላላ 12። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስፈራሩኝ ካርታዎች ሁሉ ተሰብስበው ከኤስና ጃክ ጋር እኩል ናቸው! እሱም ይዞት የነበረው ኤስና ጃክ ነው።

"ሁለት ኤስ ወይም ሁለት ኪንግ ይዞ አድብቶ ቢሆንስ?" የሚል ይኖራል። ከፍ ማድረግ የማይወድ ሰው አንዳንዴ እንዲያ ያደርጋል። እሺ፣ 6 እና 6 ልጨምርበት። የሚበልጡኝ 24 ሆኑ። 57 ለ24። ከሁለት እጥፍ በላይ አሁንም ወደኔ ያደላል።

ገና ያልደረሱትን ደግሞ አልቆጠርኩም። ሁለት ልብ ይዞ ሦስተኛና አራተኛውን መሀል ላይ ያገኘ፣ አምስተኛውን የሚጠብቅ አለ። አንዱ ኤስ የሆነ ሁለት ልብ ብቻ በ10 መንገድ ሊይዝ ይችላል። 10 እና 9 ይዞ፣ አምስት ተከታታይ ካርታ ለመሙላት ኩዊን ወይም 7 የሚጠብቅ ደግሞ 16 መንገድ አለው። እነዚህ ሁሉ አሁን ከኔ በታች ናቸው፣ ግን ካርታ በተገለጠ ቁጥር ሊያልፉኝ ይችላሉ። ታዲያ ቀጣዩን ካርታ የማየት ዋጋውን የሚተምነው ማነው? እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ ረከስ አድርጌ ሸጥኩት። ፖቱ 23 ሆኖ 8 ስመድብ፣ እሱ 8 ከፍሎ 39 የሚሆን ፖት ላይ ይቀመጣል። አዋጭ እንዲሆንለት ከ100 ጊዜ 20 ወይም 21 ጊዜ ያህል ማሸነፍ ይበቃዋል። አንድ ልብ የሚጠብቅ ሰው ቀጣዩ ካርታ ላይ የሚያገኘው ከ47 ካርታ በ9ኙ ነው፣ 19 በመቶ ማለት ነው። ልዩነቱ የምላስ ጫፍ ነው። ሲደርስለት ከኔ የሚወስደው ተጨማሪ ቺፕ ሲታሰብ ደግሞ ትርፉ የሱ ነው። 18 መድቤ ቢሆን ኖሮ 30 በመቶ ያስፈልገው ነበር። ያ ዋጋ ነው። ተርን ላይ ደግሞ ቼክ ብዬ ካርታውን እንዲያው በነፃ ሰጠሁት።

ፖት እንዴት ነው የሚያድገው

ይህ ክፍል ለኔ ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ብዙዎቻችን ቺፕ ሲመደብ እንደ መደመር ነው የምናስበው። ፍሎፕ ላይ ትንሽ፣ ተርን ላይ ትንሽ፣ ሪቨር ላይ ትንሽ። ነገሩ ግን ማባዛት ነው። የምትመድበው ከፖቱ አንጻር ነው፣ ፖቱ ደግሞ ቀድሞ የተመደበውን ይዞ ነው የሚያድገው።

በኔ ፖት እንየው። መነሻው 23 ነው፣ ፊታችን ደግሞ 190 አለ። በየደረጃው የፖቱን ሲሶ ብመድብ፦ 8፣ ከዚያ 13፣ ከዚያ 22። ሁሉም ኮል ቢባል የማገኘው 43 ቺፕ ነው። በየደረጃው የፖቱን 80 በመቶ ያህል ብመድብስ? ፍሎፕ ላይ 18፣ ፖቱ 59 ይሆናል። ተርን ላይ 47፣ ፖቱ 153 ይሆናል። ሪቨር ላይ 125፣ አለቀ፣ 190ው በሙሉ ገባ። 18 እና 8 ሲታዩ ልዩነታቸው 10 ቺፕ ነው። መጨረሻ ላይ ግን አንዱ 43 አንዱ 190 ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ፍሎፕ ላይ 8 ስመድብ የተውኩት 10 ቺፕ አልነበረም። ተርን ላይ ቼክ ስል ደግሞ አንዱን የማባዣ ደረጃ ጨርሶ ዘለልኩት። የተዘለለ ደረጃ ተመልሶ አይመጣም። ሪቨር ላይ ፖቱ 39 ሆኖ 125 ብመድብ ማን ኮል ይለኛል? የሚበልጠኝ ብቻ።

"ብዙ ከመደብክ ይጥላል" የሚለውን ሁሌም እሰማዋለሁ። የሚጥል ሰው አለ። ከፊቴ የነበረው ግን ከቁጥሩ ጋር አይደለም የሚማከረው፣ ከካርታው ጋር ነው። ጃክ አለኝ? አለኝ። ኮል። 8 ሲሆን ኮል፣ 18 ሲሆንም ኮል። እንዲህ ባለ ሰው ፊት ትንሽ መመደብ የሸቀጥን ዋጋ ገዢው ሳይጠይቅ ራስህ እንደመቀነስ ነው።

እሱ ካርታዬን ቢያይ ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? ኤስና ጃኩን ወዲያው ይጥል ነበር። የፖከር መጻሕፍት ጸሐፊው ዴቪድ ስክላንስኪ የፖከር መሠረታዊ ሕግ ያለው ነገር ይኸው ነው። ተቃዋሚህ ካርታህን ቢያይ ኖሮ የማያደርገውን ባደረገ ቁጥር አንተ ታተርፋለህ። ተርን ላይ እኔን የሚያሸንፉት 5 ካርታዎች ብቻ ነበሩ፤ 2 ጃክ እና 3 ኤስ። ከ44 ካርታ 5። 11 በመቶ። ስለዚህ እዚያ ላይ ከሚጨምረው ከያንዳንዱ 100 ቺፕ 77ቱ ያህል በአማካይ ለኔ ትርፍ ነው። 47 ብመድብና ኮል ቢል፣ ሪቨሩ ምንም ይሁን ምን፣ በአማካይ 36 ቺፕ ያህል አገኝ ነበር። ይህ ብቻውን በዙሩ ካተረፍኩት 33 ይበልጣል።

እሱ ኮል ሊል አሰፍስፎ እኔ ቼክ አልኩ።

ያቺ ኪንግ

ሁለት ኩዊን ሲመጣልህ ደስ ይላል። ግን ዕድሜው አጭር ነው። ፍሎፕ ላይ ኤስ ወይም ኪንግ ቢያንስ አንዱ የሚወርድበት ዕድል 41 በመቶ ነው። ሁለት ኪንግ ላይ የሚያሰጋው ኤስ ብቻ ስለሆነ 23 በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ጃክ ከያዝክ 57 በመቶ፣ ሁለት 10 ከሆነ ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ ጃክ፣ 8፣ 3 ሲወርድልኝ ዕድለኛ ነበርኩ። ካርታዬ በዚያ ዙር ከዚያች ቅጽበት የበለጠ ጠንካራ የሚሆነው ሌላ ኩዊን ከመጣ ብቻ ነው። የቀሩት ደግሞ ሁለት ናቸው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። ተርን ወይም ሪቨር ላይ ኤስ ወይም ኪንግ የሚወርድበት ዕድል 31 በመቶ ነው። ተርኗ 2 ከሆነች በኋላ እንኳን፣ ካላየኋቸው 46 ካርታዎች 8ቱ ኤስና ኪንግ ናቸው። 9ኙ ደግሞ ኤስም ኪንግም ያልሆኑ ልቦች። 17 ካርታ። ከመቶ 37 ጊዜ ሪቨሩ ወይ እኔን ያስፈራኛል፣ ወይ እሱን ያስፈራዋል፣ ወይ ሁለታችንንም።

ይህን ነገር ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ኪንጓ ስትወርድ "በለጠችኝ" ብዬ ፈራሁ። ግን እሱም ፈርቷል! የኔን ካርታ ሳትበልጠው እንኳን የሱን ቦርሳ ዘጋችብኝ። ተርን ላይ ጃኩ የጠረጴዛው ትልቁ ጥንድ ነበር፣ 47 ቺፕ አያስፈራውም። ሪቨር ላይ ጃኩ ሁለተኛ ጥንድ ሆነ። ያው ሰው፣ ያው ካርታ፣ ግን ሌላ ገዢ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መጮህ የነበረብኝ ተርን ላይ ነው።

ሪቨር ላይ የመደብኩትን 12 ግን አልወቅሰውም። ብዙ ሰው እዚያ ቼክ ብሎ ይገልጣል። ኪንጓ ከወረደች በኋላ ጃክና ኪንግ በ9 መንገድ ይበልጠኛል፤ ከበፊቱ 12 ጋር 21። አሁንም የምበልጣቸው ጃኮች 33 ናቸው። ቅድም የጨመርኳቸውን ሁለት ኤስ (6 መንገድ) እና ሁለት ኪንግ (አሁን 3 መንገድ ብቻ) ብደርብበት እንኳን የሚበልጡኝ 30 ነው የሚሆኑት። ጠባብ ነው፣ ግን ትርፍ ነው። ምናልባት 15 ወይም 16 ይሻል ነበር። በዚያ ዙር ራሴን ይዤ የወሰንኩት እሱን ብቻ ነው፣ ያውም ረፍዶ።

እንግዲህ ሒሳቡ። ፍሎፕ ላይ 18፣ ተርን ላይ 47 መድቤ ኪንጓ ስትወርድ ቼክ ብልም ከፍሎፕ በኋላ 65 ቺፕ አገኝ ነበር። ያገኘሁት 20 ነው። 45 ቺፕ ጎደለ። ሪቨሯ ኪንግ ሳትሆን እንደ ተርኗ የማትረባ ካርታ ብትሆን ኖሮ ደግሞ ክፍተቱ የት እንደሚደርስ ከላይ አይተናል። 125ቱን ላይከፍል ይችላል፣ አላውቅም። 70 መድቤበት ቢከፍልም ግን 135 ነው።

ግን እኮ…

ይህን ሳወራ አንድ ወዳጄ "ታዲያ ኦቨርፔር በያዝክ ቁጥር ዓይንህን ጨፍነህ ልትገባ ነው?" አለኝ። አይደለም።

መጀመሪያ ቺፑን እይ። የኛ ፖት 23 ሆኖ ፊታችን 190 ነበር፤ ስምንት እጥፍ ገደማ። ይህ መሀከለኛ ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ከፍ ያደረገውን ሌላው መልሶ ከፍ አድርጎበት ፖቱ 67፣ ፊታችን 168 ቢሆን ኖሮ ከሦስት እጥፍ ያነሰ ነው። እዚያ ላይ ኦቨርፔር ይዞ የሚታሰብ ነገር የለም፣ ይገባል። ፊታችን 600፣ 600 ቢኖር ግን ነገሩ ይለያል። በአንድ ጥንድ ብቻ 600 ቺፕ ማስገባት ሌላ ድፍረት ይጠይቃል፤ ያንን ሁሉ ኮል የሚለውም ከአንድ ጥንድ የተሻለ የያዘ ነው።

የሰውም ቁጥር አለ። ለ10 ቺፑ አራት ሰው ኮል ቢል ኖሮ ከነሱ አንዱ ሁለት 8 ወይም ሁለት 3 የመያዙ ዕድል ይጨምራል። ጥንድ ይዞ የሚገባ ሰው ፍሎፕ ላይ ሦስተኛውን የሚያገኘው 12 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሰው ሲሆን ትንሽ ናት። አራት ሰው ሲሆን ትንሽ አይደለችም። ያኔም እመድባለሁ፣ ግን ጆሮዬን አቁሜ።

ፍሎፑም ይለያያል። 10፣ 9፣ 8 ሦስቱም ልብ ሆነው ከወረዱ የስፔድና የዳይመንድ ኩዊን ይዞ መፎከር የለም።

ከሁሉም በላይ ግን ሰውየው ራሱ ይነግርሃል። ከፍ ማድረግ የማይወድ ሰው ከፍ ካደረገ ቀልድ አይደለም። ስለ ሦስት 8 ስጋት ያቀለለልኝ ይህ ነው። አሁን ሁለት 8 ቢይዝ ኖሮ ተርን ላይ 47 ስመድብ መልሶ ከፍ ያደርግብኝ ነበር። እኔም እጥል ነበር። የምከስረው 10፣ 18 እና 47 ነው፣ 75 ቺፕ እንጂ 200 አይደለም። ያለፈው ሳምንት ጥፋቴ ሁለት ኤስ ይዤ በድፍረት መመደቤ አልነበረም። ሰውየው ከፍ ሲያደርግ አለመስማቴ ነው። እኔ ግን የተሳሳተውን ግማሽ ተማርኩና መመደቡን ተውኩ።

ከሳምንት በኋላ ከዚሁ ሰው ጋር እንደገና አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ሁለት 10 መጣልኝ። ያው እንደተለመደው 2 ወረወረ፣ 10 አደረግኩት፣ ኮል አለ። ፖቱ ያው 23። ፍሎፑ 9፣ 6፣ 2፣ ምልክታቸው የተለያየ። ቼክ አለ። 18 መደብኩ። ኮል። ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። ተርን 4። ቼክ አለ። 45 መደብኩ።

ድምፁ ጸጥ አለ።

ቺፖቹን ደረደራቸው። ከዚያ በሁለት እጁ ያለውን በሙሉ ወደ መሀል ገፋው። ሃያ ሰከንድ ያህል ዝም ብዬ እጆቹን አየሁ። ሁለቱን 10 ደፍቼ ጣልኩ። ፈገግ አለና ካርታውን ጎኑ ለተቀመጠው ሰው ብቻ ቀና አድርጎ አሳየው። ያም ሰው አየት አደረገና እኔን አየኝ። ምንም አላለም። ማስታወሻዬን አውጥቼ "18፣ 45፣ ጣልኩ" ብዬ ጻፍኩ። አከፋፋዩ ካርታውን እየበወዘ ነበር።